ከሻኪሶ እስከ ቱሉ ዲምቱ፦ በረዶ ፍለጋ የወጣንበት የፋሲካ ሰሞን

ሻኪሶ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ወርቅ ቢጠየቅ አያፍርም። ወርቅ በገበቴ እንዴት እንደሚታጠብ፣ የትኛው ወንዝ አሸዋ ተስፋ እንዳለው፣ በለገደምቢ ድንጋዩ እንዴት እንደሚፈለፈል ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያድጋል። ስለ ቡናም እንዲሁ ነው። ስለ በረዶ ግን የምናውቀው ጥቂት ነው። በበልግ ዝናብ መካከል በድንገት መጥቶ ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ የቡና አበባ ሲያረግፍ፣ ልጆች በሳህን ሲለቅሙትና ጀበናው ሳይፈላ ቀልጦ ሲያልቅ እናየዋለን። ከዚያ በላይ አናውቀውም።

የዚህ ጉዞ ነገር የተጀመረው በአንድ ማታ ነው። እንደ ልማዳችን ከራት በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ መጽሐፍ ቅዱስ እያነበብን ሳለ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ንባቧን አቋረጠችና «አባዬ፣ አመዳይ ምንድን ነው?» አለችኝ። ከመዝሙራት አንዱን ስታነብ ቃሉ ገጥሟት ነበር።

«ውርጭ መሰለኝ» ብዬ ላልፈው ስል፣ ቡና ሊጠጡ ቤታችን የነበሩት ጎረቤታችን ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው የስድሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ወርቅ ፍለጋ ወደ ሻኪሶ መጥተው በዚያው ቀሩ እንጂ ያደጉት ባሌ፣ ሳነቴ ተራራ ግርጌ ከብት እየጠበቁ ነው።

«የለም ልጄ፤ ውርጭ ሌላ ነው፣ በረዶ ሌላ ነው፣ አመዳይም ሌላ ነው። እኔ ሦስቱንም በባዶ እግሬ ረግጫቸዋለሁ» አሏት።

ልጄ ዓይኗን አፍጥጣ አየቻቸው። «በኢትዮጵያ?»

«በኢትዮጵያ! ከዚህ ብዙም በማይርቅ ተራራ ላይ።»

በዚያ ሌሊት እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም። በረዶ ማለት በፊልም የሚታይ፣ የፈረንጅ አገር ነገር አድርጌ ነበር የያዝኩት። ሲነጋ ለጋሼ «ቢወስዱን ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው። እሳቸውም ሳቁና «እናንተ ናችሁ እንጂ የምትወስዱኝ፤ ከዚያ ተራራ ከወረድኩ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው» አሉኝ።

የአባቶቻችን ምስክርነት

ውድ አንባቢ፣ በአገራችን ስለ በረዶ የተጻፈው ታሪክ ከምናስበው እጅግ የቆየ ነው። ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአዱሊስ ወደብ በድንጋይ ዙፋን ላይ ተቀርጾ ያገኘውን የአንድ የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍ ገልብጦ አቆይቶልናል። ንጉሡ ያሸነፋቸውን አገሮች ሲዘረዝር የሰሜን ተራሮችን ይጠቅሳል። በዚያ ብርድና በረዶ እንደማይለይና የሰው እግር እስከ ጉልበቱ እንደሚሰጥም ይናገራል። እንግዲህ በረዶን ለማወቅ ፈረንጅ እስኪነግረን የጠበቅን ሕዝብ አይደለንም።

ከአገራችን ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው በዚያው በሰሜን ተራሮች የሚገኘው ራስ ደጀን ነው፤ ከፍታው ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ለእኛ ለደቡብ ሰዎች ቅርብ የሆነው ግን በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ቱሉ ዲምቱ ነው። ስሙ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ሲሆን 4,377 ሜትር ከፍታ አለው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጎረቤታችን የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም የተመዘገበው በዚያው ጉባኤ ላይ ነበር።

በእነዚህ ተራሮች ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ በረዶ የለም። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይዋ ኃይለኛ ናት። በረዶ ሳይቀልጥ እንዲቆይ ደግሞ ተራራው ከዚህም ከፍ ማለት አለበት። ከፍታው 5,895 ሜትር የሆነው የታንዛኒያው ኪሊማንጃሮ እንኳ፣ ከዛሬ መቶ ዓመት በፊት ከነበረው ግግር በረዶ አብዛኛውን አጥቷል። ቱሉ ዲምቱ ላይ በረዶ የሚታየው በአንዳንድ ሌሊት ጥሎ ጠዋት እስኪቀልጥ ድረስ ነው። ለማየት የፈለገ ሰው ታዲያ ዝናቡ ባለበት ወቅት መሄድና ዕድሉን መሞከር አለበት።

በግንቦት መጀመሪያ

እኛም የመረጥነው በልግ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሐሙስ፣ ግንቦት 1 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የመንገዱን ሰላም ከሾፌሮች ጠይቀን፣ ጸልየን በአንድ ቅጥቅጥ አይሱዙ ከሻኪሶ ተነሣን። ሾፌሩን ጨምሮ አሥራ አንድ ነበርን። ጋሼ፣ ሁለት መምህራን፣ አንዲት ነርስ እህታችን፣ አምስት ወጣቶችና እኔ ነበርን። ከወጣቶቹ አንዱ የእህቴ ልጅ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሲሆን የከተማው እግር ኳስ ቡድን ተጫዋች ነው። እህቴ መኪናው ሲነሣ በመስኮት እጄን ይዛ «አደራ፣ ወንድሜ» አለችኝ። እኔም «ምን ሊሆን! ከሁላችንም የሚበረታው እሱ አይደል?» ብዬ መለስኩላት። ልጄ ደግሞ ትንሹን ፔርሙዝ አስጨበጠችኝ። «አመዳዩን በዚህ አምጣልኝ» አለች።

ለስንቅ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦና በገብስና በቅቤ የተሠራ ጩኮ ይዘናል። ለብርዱ ጋቢ፣ ሹራብና ካልሲ ይዘናል። ጋሼ ብቻ «ቡልኮ ያስፈልጋል» ብለው ከባዱን ቡልኳቸውን ጭነው ስለ ነበር ወጣቶቹ ሲስቁባቸው ዋሉ። በኋላ የሳቀ አልነበረም።

በአዶላና በዋደራ አድርገን ማታ ነገሌ ገባን። በማግስቱ ገናሌን ተሻግረን፣ በመዳ ወላቡ በኩል አቋርጠን ወደ ዶሎ መና አመራን። ይህ ቆላ አገር ነው፤ ግመልና ግራር፣ ቀይ አፈርና ኩይሳ። በልጉ ስለ ዘነበ ሣሩ ሁሉ ለምልሟል። ገናሌም ደፍርሶ ሞልቶ ይወርዳል። በዚህ ወንዝ ላይ በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው ገናሌ ዳዋ 3 ግድብ 254 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከመምህራኑ አንዱ የጂኦግራፊ መምህር ስለሆነ እንዲህ አስረዳን፦ የእኛ የሻኪሶ አካባቢ ወንዞች፣ አዋታና ሞርሞራ፣ ወደ ዳዋ ይገባሉ። ከባሌ ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች ደግሞ ገናሌን ያጠናክራሉ። ዳዋና ገናሌ በዶሎ አዶ ተገናኝተው ጁባ የተባለውን ታላቅ ወንዝ ፈጥረው በሶማሊያ በኩል ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይሄዳሉ። «እንግዲህ ተራራው ላይ የሚጥለው ውኃና የእኛ ደጅ የሚዘንበው ውኃ መጨረሻቸው አንድ ወንዝ ነው» አለን።

ማታ ዶሎ መና ደረስን። ዶሎ መና ከፍታዋ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ የሆነ ሞቃት ከተማ ናት። እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። ነርሷ «ነገ እዚህ ማዶ ደኑ ውስጥ ካለችው ሪራ እንደር፤ ሰውነታችን ከፍታውን ይልመድ፤ ከነገ ወዲያ እንወጣለን» ብላኝ ነበር። እኔ ግን የመኪናው ኪራይ በቀን የሚቆጠር ስለ ነበር «አንድ ቀን ማትረፍ እንችላለን፤ ሁላችንም የደጋ ሰዎች ነን» ብዬ እንቢ አልኩ። ሻኪሶ ደጋ ናት ያለኝ ማን እንደ ሆነ እንጃ።

በሐረና ደን ውስጥ

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሣን። ከዶሎ መና ወደ ሰሜን ጥቂት እንደ ተጓዝን ቆላው አለቀና የሐረና ደን ዋጠን። ሐረና ከአገራችን ታላላቅ ደኖች አንዱ ነው። በታችኛው ክፍል ቡና በዛፎች ጥላ ሥር በገዛ እጁ በቅሎ ይታያል። የቡና አገር ሰዎች ስለሆንን ሾፌሩን «ቁም! ቁም!» እያልን አስቸገርነው። ከፍ ሲል ዝግባና ኮሶ፣ ከዚያም ቀርከሃ ይከተላል። ዛፎቹ ላይ የተንጠለጠለው ሽበት ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይወዛወዛል።

በቀርከሃው መካከል የባሌ ጦጣ የሚባል እንስሳ አለ፤ ዋና ምግቡ የቀርከሃ ቅጠል ነው። የሚገርመው፣ ሊቃውንት ለዚህ ጦጣ ያወጡለት የሳይንስ ስም ከ«ጀምጀም» የመጣ ነው። ጀምጀም ደግሞ በቀድሞው ሲዳሞ ክፍለ ሀገር የእኛው አውራጃ ስም ነበር፤ ዋና ከተማዋም ክብረ መንግሥት፣ የዛሬዋ አዶላ፣ ነበረች። መምህሩ ይህን ሲነግረን ወጣቶቹ «ዘመዳችን ነው ማለት ነው!» ብለው መኪናውን በሳቅ ሞሉት።

ሪራን አልፈን መንገዱ እየተጠማዘዘ ዳገቱን ሲያያዘው ደኑ በአስታ ተተካ። በመጨረሻም አስታው አለቀ። ሰማዩ ወረደ። ሳነቴ ላይ ወጣን።

ሳነቴ

ሳነቴ በ4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው። ዛፍ የለበትም። ጅብራ ብቻ እንደ ዘብ ጠባቂ ተበታትኖ ቆሟል። በበጋ ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ቀን ግን ፀሐይዋ ቆዳ ታቃጥላለች። ከፓርኩ የተመደበልን ስካውት እየጠቆመ አሳየን። ድንጋዩ መካከል ራሱን ብቅ አድርጎ የሚጠፋው ግዙፉ ፍልፈል ነው፤ ከባሌ ተራሮች በስተቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። አንገቱን ደፍቶ፣ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ያንን ፍልፈል የሚያደባውም ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ ከቀሩት ከ500 የማይበልጡ ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ነው። ጋሼ «እኛ ጄዳላ ፈርዳ ነበር የምንለው፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ባዝራ ስትወልድ የእንግዴ ልጁን ሊበላ ይከተላታል» አሉን።

ይህ ሜዳ በጥንት ዘመን በግግር በረዶ የተሸፈነ ነበር። በረዶው የገፋቸውና ብርዱ የሰነጠቃቸው ድንጋዮች ዛሬም በቦታቸው አሉ። በዚያው ዘመንም ሰው እዚህ ኖሯል። በእነዚሁ ተራሮች ፊንጫ ሀበራ በተባለ የዋሻ ጥላ ሥር የተደረገ ቁፋሮ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ፍልፈል እየጠበሱ ይኖሩ እንደ ነበር አሳይቷል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። እኛ ለአንድ ቀን የተማረርንበትን ብርድ እነሱ ቤታቸው አድርገውት ነበር።

ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ስንመለከት ቱሉ ዲምቱ ከፊታችን ነበር። ጫፉ ላይ የቆመው የመገናኛ አንቴና ይታያል። ከአንቴናው በታች ያለው ሁሉ ነጭ ነው! ሌሊቱን ጥሎበት አድሯል። መኪናው ውስጥ እልልታ ሆነ።

እስከ ጫፉ የሚወጣ የመኪና መንገድ አለ። ሆኖም በልጉ ጭቃ ስላደረገው፣ ደግሞም እኛ የመጣነው ልንወጣ እንጂ ልንጫን ስላልነበረ፣ ሾፌሩን ከመኪናው ጋር ትተን አሥራችንም ከስካውቱ ጋር በእግራችን ጀመርን። ሰዓቱ አራት ነበር። ስካውቱ «ከሰዓት በኋላ ደመና ይዘጋል፤ መብረቅም አለ። ከስድስት ሰዓት በፊት ከጫፉ መውረድ አለብን» ብሎ አስጠነቀቀን። ካልሲ ላይ ፌስታል፣ ፌስታል ላይ ጫማ አጠለቅን።

«ደህና ነኝ»

በዚያ ከፍታ መራመድ ምን እንደሚመስል ላልሄደ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በቱሉ ዲምቱ ጫፍ የሚገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በ40 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። ሃያ እርምጃ ትሄዳለህ፤ ትቆማለህ፤ ልብህ ጆሮህ ውስጥ ይመታል። ጋሼ በዱላቸው እየተመረኮዙ ከሁላችን በዝግታ ይሄዳሉ፤ ግን አይቆሙም። ወጣቶቹ ሮጥ ይሉና ይቀመጣሉ። የእህቴ ልጅ ከፊት ከፊት ነበር።

እግራችን ነጩን መርገጥ የጀመረው አጋማሽ ላይ ነው። ያን ጊዜ ደመና መጣና ከላይም መውረድ ጀመረ። ጋሼ ቆሙ፤ መዳፋቸውን ዘረጉ። «ኑ፣ እዩ! በረዶ ሲወድቅ ይነጥራል። ይህ ይነጥራል?» አሉን። ሁላችንም ጋቢያችን ላይ አየን። አይነጥርም። ድምፅም የለውም። እንደ ላባ ቀስ ብሎ ወርዶ ያርፋል። «አመዳይ ይህ ነው» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ልጅ ሳሉ አንድ ጓደኛቸው በእንዲህ ያለ ቀን ከብቶቹን ሲፈልግ መንገድ ጠፍቶት ሌሊቱን በብርድ ሞቶ እንደ ተገኘ የነገሩን ያን ጊዜ ነው። የከበደ ቡልኮ የተሸከሙትም ለዚሁ ኖሯል።

ወዲያው ዞር ሲሉ የእህቴን ልጅ አዩት። ልጁ አሁን ከኋላችን ሆኗል። ቆሎ ወደ አፉ ሲያደርግ ከእጁ ይፈስሳል።

«ልጄ፣ ምን ሆንክ?»

«ደህና ነኝ ጋሼ።»

«ና እስቲ ወደ እኔ።»

ሲመጣ እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደ። ነርሷ ፈጥና ደረሰች። በበረዶው ላይ በዱላ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረችና ተረከዙን ከጣቱ እያስነካ እንዲራመድበት ነገረችው። አልቻለም። በሁለተኛው እርምጃ ወደ ጎን ወደቀ። ከዚያ በኋላ ነው እውነቱን የተናገረው። ሳነቴ ከወጣን ጀምሮ ራሱን ሊፈልጠው ደርሶ ነበር፤ ሁለት ጊዜም ከድንጋይ ጀርባ ተደብቆ አስመልሷል። «ለምን አልተናገርክም?» ብለው «ጋሼ እየወጡ እኔ እንዴት ልቅር?» አለ።

እኔ፣ አፍሬ እጽፈዋለሁ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ጫፉን ነበር። አንቴናው እዚያው ነው፤ አንድ ሰዓት ቢቀረን ነው። «ትንሽ ይረፍና ቀስ እያለ...» ማለት ጀመርኩ። ነርሷ አላስጨረሰችኝም። «እዚህ ተቀምጦ አይሻለውም። ይህ የከፍታ ሕመም ነው፤ ጭንቅላቱን ነክቶታል። መድኃኒቱ መውረድ ብቻ ነው፤ አሁኑኑ!» አለችኝ። ከዚያም ወደ ሁላችን ዞራ «ራሱን ያመመው ሌላ ማን አለ? እውነቱን ንገሩኝ» አለች።

ዝም ተባለ። ቀጥሎ አንደኛው መምህር እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ። ከጠዋት ጀምሮ ግንባሬን እንደ ቀለበት የያዘኝን ሕመም ለማንም አልተናገርኩም ነበር። አለቃ ነኛ!

ጋሼ «አንተ ከጓደኞችህ ጋር ሂድ፤ ልጁን እኔ ላውርደው» አሉኝ። በዚህ ጊዜ የእህቴ ቃል በጆሮዬ መጣ። አደራ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። «የለም ጋሼ፤ እርስዎ ሃምሳ ዓመት ጠብቀዋል» ብዬ ፔርሙዙን ሰጠኋቸው።

ስድስቱ ከስካውቱ ጋር ወደ ላይ፣ አራታችን ወደ ታች ተለያየን። ልጁን ከግራና ከቀኝ ደግፈን ወደ መኪናው ስናወርደው አንድም ቀን እንዲህ የረዘመ መንገድ አልሄድኩም። ሾፌሩ «ሐኪም ቤት ያለው ጎባ ነው» አለ። ነርሷ ግን አስባ «ወደ ጎባ ለመሄድ ገና ረጅም መንገድ በዚሁ ከፍታ ላይ መጓዝ አለብን። በሪራ በኩል ግን ቶሎ እንወርዳለን። እዚያ ካልተሻለው ሌላ እንመክራለን» ብላ ወደ መጣንበት አዞረችው። ትክክል ነበረች። የአስታውን ዳገት ጨርሰን ወደ 3,000 ሜትር ግድም ስንደርስ የልጁ ዓይን ጠራ። ሪራ ላይ አንዲት እናት ከቤታቸው አውጥተው የሰጡንን ትኩስ ሻይ በማር ጠጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በዚያው መስመር አራመደችው፤ አልተንገዳገደም። «ጨዋታው ስንት ለስንት አለቀ?» ብሎ ሲቀልድ ነርሷ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» ከማለት በቀር ቃል አልነበረኝም።

በፔርሙዝ የመጣው

ሾፌሩ ተመልሶ ሌሎቹን ይዞ ሲመጣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ሁሉም ደህና ናቸው። ጫፉ ላይ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ነጭ ጠብቋቸዋል። በደመናው ምክንያት ከአንቴናው በቀር ያዩት ነገር የለም። ከሩብ ሰዓት በላይም አልቆዩም፤ ነጎድጓድ ሲሰማ ስካውቱ እየነዳ አወረዳቸው። ጋሼ ግን ፊታቸው በርቷል። ፔርሙዙን ሰጡኝ። «ጠቅጥቄ ሞልቼዋለሁ፤ እንዳትከፍተው» አሉኝ።

በዚያ ሌሊት ሪራ አደርን። ከዶሎ መና ወጥተን ማደር የነበረብን እዚያው ነበርና ነርሷ «ዘግይተንም ቢሆን ደረስን» ብላ ሳቀችብኝ። እሑድ ተነሥተን ሰኞ ማታ ሻኪሶ ገባን። እህቴ በራችን ላይ ቆማ ነበር። ልጇን አቀፈችው። የሆነውን ሁሉ፣ የእኔን እንቢተኝነት ጭምር፣ እዚያው ቆሜ ነገርኳት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «ጫፉን ሳታይ ቀረህ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «እንኳን ቀረህ» አለችና ጉንጬን ሳመችኝ።

ልጄ ፔርሙዙን ከፈተች። ሞቃቱን ቆላ ሁሉ አቋርጦ ሁለት ቀን ስለ ተጓዘ አብዛኛው ውኃ ሆኗል። በመካከሉ ግን የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነጭ ቁራጭ ትንሳፈፋለች። ልጄ በጣቷ ነካቻት። እናቷም ልትነካ እጇን ስትሰድ ቀለጠች። ጋሼ ከወንበራቸው ሆነው «ወደ ገናሌ ከሚሄደው ላይ ጭልፋ ቀንሰን ነው ያመጣንልሽ» አሏት። ባለቤቴ ውኃውን በጀበና አድርጋ ቡና አፈላችበት፤ ለሁላችንም ለአንድ ለአንድ ሲኒ ደረሰ።

ለሚሄድ ሰው

ከቤተሰቡ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ወደ ቱሉ ዲምቱም ሆነ ወደ ራስ ደጀን ለመውጣት ላሰበ አንባቢ፣ በእኛ የደረሰው ትምህርት ይሁነው። ከቆላ ተነሥታችሁ በዚያው ቀን ወደ 4,000 ሜትር አትውጡ። ሰውነት ከፍታውን የሚለምደው በመቆየት ነው። 3,000 ሜትር ካለፋችሁ በኋላ የምታድሩበትን ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አታድርጉ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የምግብ ፍላጎት ማጣት ከተሰማችሁ እስኪሻላችሁ ወደ ላይ አትቀጥሉ። መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት ወይም ተቀምጦም የማይተው የትንፋሽ ማጠር ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ውረዱ። የታመመውን ብቻውን አትልቀቁት። የእግር ኳስ ተጫዋች መሆን ከዚህ ሕመም አያድንም፤ እንዲያውም ብርቱዎች ፈጥነው ስለሚወጡና ሕመማቸውን ስለሚደብቁ ይበልጥ ይጎዳሉ። በማለዳ ጀምሩ፤ በበልግና በክረምት ከቀትር በፊት ከጫፍ ውረዱ። ስካውት ሳትይዙ አትውጡ። ለቀይ ቀበሮውም ሲባል ውሻ አታስከትሉ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ወደ ቀበሮዎቹ እየተላለፈ ብዙዎችን ጨርሷልና።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ቡድናችሁን የምትመሩ ከሆነ «ራሴን አሞኛል» የሚለውን ቃል ከሁሉም ቀድማችሁ እናንተው ተናገሩት። እኔ ጠዋት ብናገር ኖሮ፣ ያ ልጅ እስከዚያ ድረስ ሳይሸሽግ ይናገር ነበር።

ጋሼ ከዚያ ወዲህ በቤታችን ቡና ሲጠጡ ልጄ «ውርጭ፣ በረዶ፣ አመዳይ» ብላ ልዩነታቸውን ለእንግዳ ሁሉ ታስረዳለች። የእህቴ ልጅ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ጉዞ ከወዲሁ ገንዘብ እየሰበሰበ ነው። በዝርዝሩ ላይ ከሁሉ በፊት የጻፈው፦ «ሪራ፣ ሁለት ሌሊት» የሚል ነው።